ማሞቂያውን ያበራችው እሷ ናት

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ትልቁ ማግኔት ወደቀ። ማሞቂያውን ያበራችው እሷ ናት። ይሄ አያከራክርም፤ የነካው የእሷ ጣት ነው፣ እሷም አልካደችም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። "ልጅቷ ናት" ይላል፣ ድምፁን የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ዝቅ አድርጎ። "ምን ላድርግ፣ የቤት ሰው ናት። አልጨክንባትም።" እሷ ኮሪደሩ ላይ ባልዲና መወልወያ ይዛ ቆማለች፤ ቧንቧው ላይ የጋገረው በረዶ እየቀለጠ ክፍሉን ውኃ በውኃ አድርጎታል። እንዳልሰማ ሰው እንዳታልፍ ባልዲው ይንኳኳል። እንዳትመለስም ያው ነው። ስልኩን እስኪዘጋ እዚያው ቆመች።

ወደቀ የሚሉት የላብራቶሪው ሰዎች ናቸው እንጂ የወደቀ ነገር የለም። ጋኑ እንደ ቆመ ነው። ጋን ያሉት ቅርጹን አይተው ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሆዱ የሰፋ፣ አናቱ ላይ ቧንቧ የበቀለበት የብረት ዕቃ። አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ደግሞ እንስራ ይሏታል። የሁለቱም ሆድ ውስጥ በፈሳሽ ሂሊየም የተነከረ የሽቦ ጥቅል አለ። ሂሊየሙ ሽቦውን ከማቀዝቀዙ ብዛት፣ ኤሌክትሪክ አንዴ ከገባበት እዚያው ሲዞር ይኖራል። የሚያደክመው የለም፣ የሚመግበውም አያስፈልገውም፤ ወርም ሁለት ወርም ይዞራል። የኤሌክትሪኩ መግቢያና መውጫ በር አንዲት ቁራጭ ሽቦ ናት፤ እሷ ላይ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ማሞቂያ ተጠምጥማለች። ማሞቂያዋ ስትበራ በሩ ይከፈታል፣ ኃይል ሰጪው ሳጥን ያስገባል፣ ያስወጣል። ስትጠፋ በሩ ይዘጋል፤ የገባው ገባ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ዜሮ ላይ አውርደው ቢያጠፉትም ውስጥ ያለው ጉዳዩ አይደለም፣ ይዞራል።

ጣጣው መልሶ ሲከፈት ነው። ውስጥ ሃምሳ አምፔር እየዞረ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ሃምሳ ላይ ማድረስ፣ ከዚያ ማሞቂያውን ማብራት። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ በሩ ሲከፈት ይላተማሉ፤ ሽቦው ይሞቃል፣ ሂሊየሙ ይፈላል፣ በጣሪያው ቧንቧ እየጮኸ ይወጣል። መውደቅ ማለት ይሄ ነው። ታዲያ ውስጥ ስንት እንዳለ በምን ይታወቃል? ሳጥኑ ዜሮ ነው የሚለው፤ አሮጌ ነው፣ ትናንትን አያስታውስም። የመስኩ መለኪያ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፣ የሚጠግን አልተገኘም። ስለዚህ ወረቀት ይለጠፋል። ማሞቂያውን ያጠፋ ሰው፣ ውስጥ የተወውን አምፔርና ቀኑን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሳጥኑ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ዶክተሩ ነው። ያልተጻፈ አልተሠራም ይላል፣ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

ጋኑ ላይ ያለው ወረቀት አርባ አምስት ይላል። የእሷ ጽሕፈት ነው፣ የረቡዕ። ሳጥኑን አርባ አምስት ላይ አደረሰች፣ አንድ ደቂቃ ጠበቀች፣ ማሞቂያውን አበራች። በሩ እስኪከፈት ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚጠበቀው። አሥራ አንድ ላይ ጮኸ። ግቢው በር ላይ ያለው ጥበቃ ከጣሪያው የወጣውን ነጭ ጉም አይቶ፣ "ቤታችሁን ጉንፋን ያዘው እንዴ?" ብሎ በስልክ ጠየቃት። ቀልዱን ነው። ሳቋ አልመጣም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። አርባ አምስት። አራቱ አራት ነው፣ አምስቱም አምስት። ከዚያ ነው ዙሪያዋን ያየችው። ወንበሯ ከቦታው ተነስቷል። መስኮቱ ላይ እሷ የማታውቃቸው አራት የፕላስቲክ ኩባያዎች ተደርድረዋል፣ የአንዱ ጠርዝ ላይ የከንፈር ቀለም አለ። ዓርብ ከሰዓት አልነበረችም፤ እናቷን ዓይን ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር፣ በዶክተሩ ፈቃድ። ዓርብ ከሰዓት እንግዶች ነበሩ።

"ዓርብ ነክተውት ነበር?" አለችው፣ ሲመጣ። ሥራ ቦታ አንቱ ነው የምትለው።

ውኃው ላይ እንዳይረግጥ ጫማውን እያየ መጣና ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። "ፊርማው ያንቺ ነው" አለ።

መልስ አይደለም ይሄ። ግን ጥያቄዋን ደግማ አልጠየቀችም፤ እሱን ሁለቴ መጠየቅ አልለመደችም። ዶክተሩ የታላቅ እህቷ ባል ነው። እዚህ ሥራ ያስገባት እሱ ነው። አባቷ ሲሞት እናቷንና እሷን ያስጠጋቸው እሱ ነው፣ የሚተኙበት የጓሮ ክፍል የእሱ ነው። እኔ አለሁ ይላል፣ ምንም ነገር ሲመጣ። ዛሬም ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኛትና አልደነገጠም፤ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲኑና የንብረት ክፍሏ ሴትዮ እንደሚመጡ ነገራት። አጭር ወረቀት እንደሚያዘጋጅላት፣ እንደምትፈርምና በዚያው እንደሚያልቅ ነገራት። ሰው ነው የሚሳሳተው አለ። እኔ አለሁ አለ።

ምኑ ነው የሚያልቀው? ሐሙስ የቋሚ ቴክኒሻን ፈተና ነው። ሁለት ዓመት በኮንትራት የጠበቀችው እሱን ነው፣ ተወዳዳሪዎቹም ሁለት ብቻ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ የጥፋት ወረቀት ያለበት ሰው ሦስት ዓመት አይወዳደርም፤ ይህንንም የነገራት ዶክተሩ ነው፣ ድሮ፣ ስለ ሌላ ሰው። በኮንትራቱ ደሞዝ አንድ ክፍል ቤት እንኳ አይታሰብም። ባለፈው ወር አንድ ደላላ፣ ቧንቧ ያለው ክፍል ስትለው፣ "ቧንቧውን ነው ክፍሉን የምትፈልጊው? ሁለቱን ባንድ ላይ በዚህ ዋጋ አታገኚም" ብሎ መልሷታል። ቋሚ ከሆነች እናቷን ይዛ ትወጣለች። ካልሆነች ሦስት ዓመት ጓሮ። ዶክተሩም በበኩሉ በዚሁ ሳምንት የተቋሙ ዳይሬክተርነት ሹመቱ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ከሁለት ወር ጀምሮ ሌላ ወሬ የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ለእናቷ የዓይን ጠብታ ልታደርግ ቤት ሄደች። የጓሮው ክፍል ሁለት አልጋ ይዟል፤ በመካከላቸው አንድ ሰው ጉልበቱን አሹልኮ ነው የሚያልፈው። በእናቷ ራስጌ በኩል የእህቷ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። መጀመሪያ ለጊዜው ነበር የተባለው፣ ዋናው ቤት መታጠቢያ ክፍል እስኪታደስ። መታጠቢያ ክፍሉ ታድሶ፣ አርጅቶ፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ሊታደስ ነው። ማሽኑ ሲጨምቅ የእናቷ አልጋ ይንቀጠቀጣል፤ እናቷም ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ተሳፋሪ ይተኛሉ።

"የት ደረስን?" አሉ በሩ ሲከፈት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት።

"ልንደርስ ነው፣ እማዬ። ቀና በይ።"

ሁለት ሁለት ጠብታ አደረገችላቸው። እናቷ ጉንጫቸው ላይ የወረደውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቆይተው፣ እህትሽ ከጠዋት ጀምሮ ድስት ስትወረውር ነበር፣ ምንድነው ነገሩ አሉ። ምንም አለቻቸው። እናቷ ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አልደከመም፤ ምንም የሚባለውን ነገር ያውቁታል።

እህቷ ወጥ ቤት ነበረች። ሩዙን እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ነገረኝ አለች። ተሳሳተች፣ ግን አትቆጪያት እንዳላት፣ እሷም እንደማትቆጣት፣ ግን ይህ ሳምንት እንዴት ያለ ሳምንት እንደሆነ ታውቃለች አይደል ወይ፣ ሰውዬው ጨጓራው ተነስቶበት ወተት ብቻ እየጠጣ እንደሚውል፣ እንቅልፍ እንደሌለው። አንዱን ሳትጨርስ አንዱን ታነሳለች፤ እህቷ ስትፈራ እንዲህ ናት። እሷ ሳህን ተቀበለቻትና ማጠብ ጀመረች።

"ዓርብማ እንዴት ደስ ብሎት ገባ መሰለሽ" አለች እህቷ። "እንግዶቹን ሁለቱንም ማሽን ከፍ ዝቅ እያደረገ አሳያቸው። ትንሿ ላይማ የቁልፍ መያዣቸውን ስባ ስትለጥፍባቸው እንደ ልጅ ሳቁ አለኝ።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም። ምነው?"

"ምንም።"

ሳህኑን ከታጠበ በኋላም አጠበችው። ጋኑን መንካቱንማ ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች። እንስራዋንም ነክቷል፤ የተወውን ግን አልጻፈም። እንስራዋ ላይ ያለውም ወረቀት የእሷ ነው፣ የረቡዕ፣ ሠላሳ ይላል። አሁን ውስጧ ስንት እንደሚዞር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ደግሞ ጋኑ ከወደቀ በኋላ ሲመጣ፣ ይህ ሰው እንስራዋ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ይቺንም እንዳትነኪያት ለማለት አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ቃሉ ግን ዓርብን ይዞ ነው የሚወጣው።

"እትዬ" አለች፣ "ያጠፋሁት እኔ ባልሆንስ?"

እህቷ ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።  ከዚያ ተዘርግታ ቧንቧውን ዘጋችው።

"ብትሆኚም ባትሆኚም ምን ይለውጣል?" አለች። "አንቺ ብትሳሳቺ ማን ይገርመዋል? እሱ ቢሳሳት አገር ነው የሚያወራው።"

ክፋት የለውም አነጋገሯ። ሰማዩ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ወዲያው ሩዙን ሳህን ሙሉ አድርጋ ዘረገፈችላትና፣ ብዪ፣ ከስተሻል አለቻት። ቆማ በላች። ታክሲ ሊያልፋት ነው። ቦርሳዋን ልትይዝ የጓሮው ክፍል ስትገባ ማሽኑ ጨርሶ ቆሟል፤ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰምተዋል። ግድግዳው እንደሆነ ከካርቶን አይሻልም።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ" አሉ።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ቤታቸው ነው ያለነው።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።"

ታክሲው ውስጥ መውረጃዋን ልታልፍ ነበር። ልንገረው፣ ብቻውን ላግኘው አለች በልቧ፣ ምናልባት ራሱ ይናገራል። ስትደርስ ግን ዶክተሩ ብቻውን አልነበረም። ዲኑ ቀድሞ መጥቷል፣ ደረቱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚወድ ሰው። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ትልቅ ቦርሳ አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። እንስራዋ ውስጥ አሁንም ኤሌክትሪክ እየዞረ ስለሆነ፣ ሰዓትና ስልክ፣ የባንክ ካርድም በር ላይ እንዲተዉ እሷ ነገረቻቸው፤ ማግኔቱ ካርዱን ያበላሸዋል። "ካርዴን?" አለች ሴትዮዋ፣ "ባዶውን ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ያበላሸዋል" አለችና ቦርሳዋን ሰጠቻት። ዲኑ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቀ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። ታይፕ ተደርጓል፣ አምስት መስመር ነው። የአሠራር ቅደም ተከተሉን ሳልጠብቅ ይላል፣ ባለማስተዋል ይላል፣ ታች ስሟና ነጥብ ነጥብ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ አጋደመላት። አነበበችው። ባለማስተዋል የሚለው ላይ ቆየች። ስታነብ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ጋኑን እየዞረች ታየዋለች፤ እኔ ማሞቂያ ሲባል የማውቀው የሻወሩን ነው አለች፣ ሪፖርት የምትጽፈው እሷ መሆኗን፣ ያልገባትን ነገር ደግሞ እንደማትጽፍ፣ ባለፈው ስለ ጄኔሬተሩ ያልገባትን ጽፋ እስካሁን እንደሚጠይቋት ነገረቻቸው። እስቲ ጤነኛዋ ላይ አሳዩኝ አለች።

ዶክተሩ አያስፈልግም አለ። ጊዜያችሁን አትፍጁ፣ እኔ በቃል አስረዳችኋለሁ፣ ከፈለጋችሁም በሥዕል። ዲኑ ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሳና ሰዓቱ በር ላይ መሆኑ ትዝ አለው። ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ጠየቃት፣ እሷን። አምስት አለች። አሳዪን አለ።

ሳጥኑን አበራች። ዜሮ አለ። ለሴትዮዋ፣ ውስጥ ያለው ሌላ፣ ሳጥኑ የሚያሳየው ሌላ መሆኑን ነገረቻት፣ ወረቀቱንም በጣቷ አሳየቻት፤ ሠላሳ፣ ረቡዕ፣ የእኔ ፊርማ። አሁን ሳጥኑን ሠላሳ ላይ አደርሳለሁ አለች። አምፔሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እንደ አሮጌ ሊፍት። አምስት። ስምንት። ሴትዮዋ እንደ ተማሪ አንገቷን አስግጋ ትከተላለች። እሷ ግን የምታየው የሳጥኑን መስታወት ነው፤ ዶክተሩ በእሱ ውስጥ ይታያታል፣ በሩን ተደግፎ። አሥራ ስድስት ላይ መነጽሩን አወለቀ። ሃያ ሁለት ላይ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሃያ ስድስት ላይ አላደረገውም፣ ይዞት ቆመ። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። ቆዩ ይላል። አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ግንባሩን ይመታና ሌላ ቁጥር ይላል፣ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። ሠላሳ። ቆመ። ጣቷን ማሞቂያው ቁልፍ ላይ አደረገች፣ ሳትጫነው።

"ዶክተር" አለች። "ሠላሳ ነው የሚለው። ላብራው?"

መነጽሩን አደረገ። "ሥራው ያንቺ ነው" አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባት። ሊያስወድቃት ነው፣ እንስራዋንም። በአንድ ቀን ሁለት፣ በአንድ ጣት፣ በዲኑ ፊት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዓርብ የሚጠይቅ ማን አለ?  ብትጫነው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ብትተወው፣ ፈርታ ተወችው ነው፣ አምስቱ መስመር ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። አውቃለሁ ብትልስ? በምን አወቅሽ ይሏታል። እህቴ ወጥ ቤት ሩዝ ስታማስል ነገረችኝ ልትል ነው? እህቷ ደግሞ ማታ ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው የምትተኛው። እንስራዋን ለመሙላት ሂሊየሙ በመርከብ እስኪመጣ አራት ወር ነው የጠበቁት። አንዲት ተማሪ ውስጧ የከተተችው ናሙና አለ፣ የሦስት ዓመት ሥራዋ፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ብረቱን ደህና አደርሽ ትለዋለች።

ጣቷን አነሳች።

"ጋሼ" አለችው። እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ብላው አታውቅም። "ይምጡ፣ እርስዎ ያብሩት።"

ዲኑ ሳቀ። እውነቷን ነው አለ፣ ዓርብ ለእንግዶቹ ያሳዩትን እኛም እንየው እንጂ፣ የምስጋና ደብዳቤያቸውን አንብቤአለሁ። ሴትዮዋ ቦታ ለቀቀችለት። ዶክተሩ ከበሩ አልተነቀነቀም። ክፍል አለኝ አለ፣ ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው። ዲኑ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ስንት ሰዓት ይፈጃል አለው፣ አሁንም እየሳቀ። ዶክተሩ ሁለት እርምጃ መጣ። ሳጥኑ ፊት ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ የእሷን ሠላሳ። እጁን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፣ ከቁልፉ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ከዚያ አልወሰደውም። የዲኑ ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ዶክተር?" አለ።

ሴትዮዋ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ሰውዬውን አየች። "ምነው?" አለች። "ቁጥሩ ልክ አይደለም እንዴ?"

ዶክተሩ ወደ እሷ ዞረ፣ ወደ ሚስቱ እህት። እንደዚህ አይቷት አያውቅም፤ እኔ አለሁ እስክትለው የሚጠብቅ ይመስላል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።